ብርቅና ድንቅ

አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ወዳጅ አለኝ። ባለፈው እሑድ ቡና ጠርቶኝ ቤቱ ሄድኩ። ሁለተኛው ሲቀዳ ብድግ ብሎ ወደ ጓዳ ገባና አንድ ትንሽ ሸክላ ይዞ ተመለሰ። ሸክላው በወረቀት፣ ወረቀቱ በላስቲክ፣ ላስቲኩ በካርቶን ተሸፍኗል። ወዳጄ አንድ በአንድ ገልጦ፣ ጠርዙን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ይዞ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

«በ1960 የታተመ ነው» አለኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) «ጁድ ከተባለ ትንሽ ኩባንያ የወጣ፣ የሰውየው የመጀመሪያ ሥራ!» ከዚያም የከፈለበትን ዋጋ ነገረኝ። በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሌላ ሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ነኝና ቁጥር በቀላሉ አያስደነግጠኝም፤ ይህ ግን የሦስት ወር ደመወዜ ስለነበረ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

«እስቲ አጫውተውና እንስማው» አልኩት።

እንደ እብድ አየኝ። «መርፌ ላስነካው? ምን ነካህ!»

ሸክላው ወደ ወረቀቱ፣ ወረቀቱ ወደ ላስቲኩ፣ ላስቲኩ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ዘፈኑንም ከስልኩ አሰማኝ።

ስሰናበት በሩ ላይ ስለ ግጥም መጽሐፌ ጠየቀኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በራሴ ወጪ 500 ቅጂ አሳትሜ ነበር፤ አራት መቶ ያህሉ ዛሬም ከአልጋዬ ሥር እንዳለ ነገርኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ግድ የለህም፤ አንድ ቀን ብርቅ ትሆናለች» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ሌሊት ቁጣ ነው።

አማርኛችን «ብርቅና ድንቅ» እያለ ሁለቱን ቃላት አጣምሮ ይጠራቸዋል። በአፍ ተጣመሩ እንጂ አንድ አይደሉም። ድንቅ ነገር ድንቅ የሚሆነው በራሱ ባለው ነው፤ ብርቅ ነገር ብርቅ የሚሆነው ሌላው ሰው ስለሌለው ነው። ድንቅ ሺህ ሰው ቢካፈለው አይጎድልም፤ ብርቅ ግን ሁለተኛ ሰው እጅ በገባ ዕለት ግማሹ ይሞታል። ብርቅ ሸክላ ማለትስ ምን ማለት ነው? በግልጽ አማርኛ ልናገረው፦ በጊዜው ያልተሸጠ ሸክላ ማለት ነው። ሰው ያልገዛው፣ ሬዲዮ ያላጫወተው፣ አሳታሚው የረሳው። እኔ በሙያዬ የአንዱ ሒሳብ ሲሞላ የሌላው እንደሚጎድል አውቃለሁ፤ በዚህ መዝገብ ላይም የሰብሳቢው ሀብት ሆኖ የተጻፈው የዘፋኙ ኪሳራ ነው።

ለመሆኑ ዘፋኙ ማን ነበር? በወዳጄ ሸክላ ላይ የታተመው ስም «ጁን አሌክሳንደር» ይላል። እውነተኛ ስሙ አርተር አሌክሳንደር ነው፤ አባቱም አርተር ይባሉ ስለነበር «ጁን» የተባለው «ጁኒየር» ከሚለው ተቀንሶ ነው። በ1940 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በአላባማ፣ በቴኔሲ ወንዝ ዳር ባለችው በሼፊልድ ከተማ ተወለደ። በሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ እየተሸከመ ዘፈን ይጽፍ ነበር። በ1961 ሪክ ሆል የተባለ ወጣት አሳታሚ፣ የትምባሆ መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ «ዩ ቤተር ሙቭ ኦን» የተባለውን ዘፈኑን ቀዳለት። በዚያን ጊዜ በአላባማ ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ አይቀመጡም ነበር፤ ዘፋኙ ጥቁር፣ አጃቢዎቹ ነጮች ነበሩ። በ1962 ዘፈኑ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 24ኛ ደረጃ ደረሰ። ሪክ ሆልም ከዚህ ዘፈን ባገኘው ገንዘብ አዲሱን ፌም ስቱዲዮ ሠራ። በኋላ ዊልሰን ፒኬት፣ ኤታ ጄምስና አሬታ ፍራንክሊን የዘፈኑበት ስቱዲዮ መሠረቱ በዚህ ሻንጣ ተሸካሚ ድምፅ የተጣለ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ዘፈኖቹ ያለ እርሱ ዓለምን ዞሩ። ቢትልሶች በ1963 በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ «አና» የተባለውን ዘፈኑን ተጫወቱት። ሮሊንግ ስቶንስ በ1964 «ዩ ቤተር ሙቭ ኦን»ን ዘፈኑ። ቦብ ዲላንም በ1988 ያንኑ ወዳጄ በካርቶን የቀበረውን «ሳሊ ሱ ብራውን»ን በአልበሙ አካተተ። የሦስቱንም ስም የማያውቅ የሙዚቃ ወዳጅ አይገኝም፤ ሦስቱም ከአንድ ድስት እንደተቋደሱ የሚያውቅ ግን ስንት ነው? ባለድስቱ ራሱ በ1972 አንድ አልበም አወጣ፤ ኤልቪስ ፕሬስሊ በዚያው ዓመት የገነነበት «በርኒንግ ላቭ» ቀድሞ በዚህ አልበም ላይ ተዘፍኖ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም። በ1975 አንድ ዘፈኑ ጥቂት ተደመጠለት፤ ከዚያ ሙዚቃን ትቶ ወደ ኦሃዮ ግዛት፣ ወደ ክሊቭላንድ ሄደና ለአንድ የማኅበራዊ አገልግሎት ድርጅት አውቶቡስ ነዳ። ለዓመታት ነዳ። በ1993 ሰዎች ፈልገው አግኝተውት አዲስ አልበም አወጣ፤ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ሰኔ 9 ቀን 1993፣ በናሽቪል በልብ ሕመም ሞተ። 53 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ሰብሳቢዎቻችን «ፍቅር ነው» ይሉናል። ፍቅር ከሆነ ስለ ፍቅር ራሱን ዘፋኙን እንጠይቀው። «ዩ ቤተር ሙቭ ኦን» ምን የሚል ዘፈን ነው? አንድ ድኻ ወጣት ለባለጸጋ ተቀናቃኙ የሚናገረው ነው። ባለጸጋው ስጦታና ገንዘብ አለው፤ ድኻው ያለው ፍቅር ብቻ ነው፤ በትሕትና ግን በቁርጥ፣ መንገድህን ቀጥል ይለዋል። «አና»ስ? የሚወዳት ሴት ሌላ ሰው ወድዳለች፤ እርሱም እያነባ ነጻ ያወጣታል፣ አስሮ አያስቀራትም። ሁለቱ ታላላቅ ዘፈኖቹ የሚሉት አንድ ነው፦ የተወደደ ነገር በገንዘብ አይያዝም፤ የሚወድ ሰውም የሚወደውን አይቆልፍበትም። እነሆ ዛሬ የዚህን ሰው ድምፅ በዋጋ ገዝቶ፣ በሦስት ሽፋን ጠቅልሎ ጓዳ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በዘፈኑ ውስጥ ማንን መሰለ? ድኻውን አይደለም። ውድ ወዳጄ፣ አንተ ባለጸጋው ነህ፤ ዘፈኑ የተዘፈነው ባንተ ላይ ነው።

የገንዘቡን መንገድ ደግሞ እንከተል፤ ይህ የእኔ ሙያ ነው። አንድ አሮጌ ሸክላ ከሰብሳቢ ወደ ሰብሳቢ በተሸጠ ቁጥር ለዘፋኙ፣ ለደራሲው ወይም ለወራሾቻቸው ምን ይደርሳቸዋል? ምንም። ሕጉ ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ ዕቃው የገዢው ነው ይላል። ለሠዓሊ እንኳ ፈረንሳይ ከ1920 ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2001 ባወጣው መመሪያ፣ ሥዕሉ በነጋዴ እጅ እንደገና ሲሸጥ ጥቂት ድርሻ ፈቅደዋል፤ ለሸክላ ግን እንዲህ ያለ ድርሻ የለም። የፍራንክ ዊልሰንን ነገር ላንሣ። በ1965 በዲትሮይቱ ሞታውን የታተመው ሸክላው ሳይሰራጭ ቀረና ጥቂት ቅጂ ብቻ ተረፈ። በ2009 አንዱ ቅጂ ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጠ፤ በ2020 ደግሞ 100 ሺህ ፓውንድ ማውጣቱ ተነገረ። በ2009 ዊልሰን በሕይወት ነበር፤ ሕጉ ግን ከዚያ ሽያጭ አንዲት ሳንቲም የመጠየቅ መብት አልሰጠውም።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን የስሙ ነገር ነው። በ1970ዎቹ በሰሜን እንግሊዝ ጭፈራ ቤቶች ብርቅ ሸክላ የሚያጫውቱ ሰዎች፣ ተፎካካሪ አይቶ እንዳይገዛ በሸክላው መሐል ያለውን ጽሑፍ በወረቀት ይሸፍኑ፣ ለዘፈኑም የሐሰት ርእስና የሌላ ዘፋኝ ስም ይሰጡት ነበር። አስቡት! በአገሩ የተረሳ ዘፋኝ ባሕር ማዶ በመቶዎች ይጨፈርለታል፤ ስሙ ግን ሆን ተብሎ ተሸፍኗል። ብርቅን ማፍቀር መጨረሻው ይኸው ነው፦ ዘፈኑን ለመያዝ ሲባል ዘፋኙን መቅበር።

«ሰብሳቢ ባይኖር ይህ ሙዚቃ ጠፍቶ ይቀር ነበር» የሚሉኝ አሉ። እውነትነት አለው፤ አልክድም። በ2008 በሆሊውድ በሚገኘው የዩኒቨርሳል ቅጥር ግቢ የተነሣው እሳት ብዙ ዋና የድምፅ ቅጂዎችን በልቷል። ዋናው ቅጂ በጠፋ ጊዜ የሰብሳቢ ሸክላ ምስክር ሆኖ የተረፈበት ብዙ ነው። ይህን ላደረጉ ሰብሳቢዎች ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን ዘፈኑን ያዳነው ሸክላውን አውጥቶ ለሌላው ያሰማው፣ ለኅትመት ያዋሰው፣ የዘፋኙን ታሪክ የጻፈው ሰው ነው፤ የቆለፈው አይደለም። በ1989 በለንደን የአርተር አሌክሳንደር ሥራዎች ተሰብስበው «ዘ ግሬተስት» በሚል እንደገና ሲታተሙ፣ ያን ዘፈን እንደ እኔ ያለ ደመወዝተኛም ሊያገኘው ቻለ። ሰብሳቢው ግን እንደገና መታተሙን ሲሰማ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «የእኔ ቅጂ ዋጋ ይወርድ ይሆን?»

ይህን የምጽፈው ለአላባማ ብቻ አዝኜ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ ኅትመትን ብቸኛ መብት ችላ ብሎ ማሳተም ሲጀምር፣ ሸክላዎቹ በፒያሳ እንዲሰሙ፣ በየቡና ቤቱ እንዲጮኹ እንጂ በባዕድ አገር መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጡ አልነበረም። ዛሬ የዚያን ዘመን ኦሪጂናል ሸክላ ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ገበያ መመልከት ግድ ሆኗል። በአንጻሩ በ1997 የተጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ኅትመት የሸክላውን ብርቅነት ሰብሮ ዘፈኑን ለማንም ጆሮ ስላደረሰ፣ ሰምተው የማያውቁ ሁሉ ድንቅነቱን መሰከሩ። ወዳጄም ሁለቱን ዓይነት ሸክላዎች፣ የአላባማውንና የአዲስ አበባውን፣ በአንድ ጓዳ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ሁለቱም ዝም ብለዋል።

ባንክ ውስጥ የሠራ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ገንዘብ የሚሠራው ሲዘዋወር ነው። በፍራሽ ሥር የታቀፈ ብር አንድ ቀን ሲወጣ ወይ አይጥ በልቶታል፣ ወይ ኖቱ ተለውጧል፤ በ2020 ኖት በተለወጠ ጊዜ ስንቱን አየሁ! ዘፈንም እንዲሁ ነው። የታቀፈ ዘፈን ይሻግታል። ስለዚህ አርተር አሌክሳንደርን እወዳለሁ የምትል ሁሉ፣ ለወራሾቹ ድርሻ የሚያደርሰውን አዲሱን ኅትመት ግዛ። ቢትልሶችን ባደነቅህ ቁጥር «አና»ን የጻፈው ማን እንደሆነ ለጎንህ ሰው ንገረው። ኦሪጂናሉ እጅህ ከገባም መርፌውን አስነካው፤ ይፋቅ፣ ይንጫጫ፣ ያርጅ። ሰው ያረጀው በመኖሩ ነው፣ ሸክላም በመዘመሩ ይርጅ።

ስለ እኔ መጽሐፍ ደግሞ ወስኛለሁ። ብርቅ እንድትሆን ከአልጋ ሥር አልጠብቅም። ከነገ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ አምስት አምስት እየያዝኩ እወጣለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ለሚቀመጠው፣ ምሳ ለሚጋብዘኝ፣ መስኮቴ ላይ ወረፋው ላሰለቸው ደንበኛ እሰጣለሁ። አራት መቶዋ አልቃ፣ ጠርዟ ተበልታ፣ ቡና ፈስሶባት ባገኛት ያን ጊዜ ደራሲ ሆኛለሁ። ወዳጄ ሆይ፣ ለአንተም አንድ እልክልሃለሁ፤ በላስቲክ ብትጠቀልላት ግን አልምርህም።

በሣጥን ታሽጎ ከሚኖር ተከብሮ፣
ይሻላል ቢፋቅም ለሰው ሁሉ ዘምሮ፤
ዘፈን ቤቱ ጆሮ፣ ካዝና ውስጥ አያድርም፤
ዋጋ የከፈለ ባለቤት አይሆንም።