ልብንና ጆሮን የሚያገለግል አንድ በር

በዚህ ወር የጤና አምዳችን በዓይን ስለማትታይ፣ ስትበላሽ ግን ቤተሰብን ስለምታስለቅስ አንዲት ፕሮቲን እንነጋገራለን። በሳይንሱ መጠሪያዋ «ኬ.ሲ.ኤን.ኪው.1» ትባላለች፤ እኛ ግን ሥራዋን አይተን «የፖታሲየም በር» እንበላት።

ፖታሲየም ከሙዝ፣ ከድንች፣ ከባቄላና ከሌሎችም ምግቦች የምናገኘው ማዕድን ነው። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ያለው መጠን ከሕዋሱ ውጭ ካለው 30 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የሕዋሱ ሽፋን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ስለሆነ ፖታሲየም እንዲሁ ሊያልፍበት አይችልም፤ የሚያልፈው በሽፋኑ ላይ በተተከሉ የፕሮቲን በሮች ነው። የሚያስደንቀው እነዚህ በሮች ፖታሲየምን እያሳለፉ በመጠን ከእርሱ የሚያንሰውን ሶዲየምን መከልከላቸው ነው። አሜሪካዊው ሮደሪክ ማኪነን በ1998 እ.ኤ.አ. ከባክቴሪያ የተገኘ የፖታሲየም በር ቅርጽን በማሳየት የዚህን ምስጢር ፈታ፤ በ2003 እ.ኤ.አ.ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋራ። ጠባቡ መተላለፊያ ለፖታሲየም ልክ ተለክቶ እንደተሰፋ ልብስ ነው፤ ለሶዲየም ግን ይሰፋዋል።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። በእያንዳንዱ ምት ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ልብ ሕዋሳት ይገባሉ፤ ልብም ትኮማተራለች። ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ደግሞ ፖታሲየም መውጣት አለበት። በተለይ ስንሮጥ፣ ስንዋኝ ወይም ስንደነግጥ ልብ ስለምትፈጥን የዚህች በር ሥራ ይበረታል። በሯ ከተበላሸች ልብ ለመዘጋጀት ትዘገያለች፤ ምቷ ሊዘበራረቅና ሰውየው በድንገት ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ አንዳንዴም ሊሞት ይችላል።

ይህችው በር በውስጠኛው ጆሮም አለች። ድምፅን የሚቀበሉት ሕዋሳት የሚኖሩበትን ፈሳሽ በፖታሲየም የምትሞላው እርሷ ናት። እርሷ ከሌለች ፈሳሹ ይጎድላል፤ ልጁም መስማት የተሳነው ሆኖ ይወለዳል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ታሪክ የኖርዌይ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ሐኪሞቹ አንቶን ዬርቬልና ፍሬድ ላንገ ኒልሰን ስድስት ልጆች ስላሉት አንድ ቤተሰብ ጻፉ። እናትና አባት ይሰማሉ፤ አራቱ ልጆች ግን ሲወለዱ ጀምሮ አይሰሙም፤ ራሳቸውንም እየሳቱ ይወድቁ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ በ4፣ በ5 እና በ9 ዓመታቸው በድንገት ሞቱ። ምክንያቱ ከዚህች በር ጋር መያያዙ የታወቀው ከ40 ዓመት በኋላ በ1997 እ.ኤ.አ. ነው።

ወላጆቹ ጤነኛ ሆነው ሳለ ልጆቹ ለምን ታመሙ? እያንዳንዳችን በሯን የሚሠራውን ዘረ መል አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት እንወርሳለን። መስማት እስከ መሳን የሚያደርሰው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። ሁለቱም ወላጆች አንድ አንድ የተበላሸ ካላቸው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕድሉ ከአራት አንድ ይሆናል። የአጎት ወይም የአክስት ልጆች ሲጋቡ አንድ ዓይነት ጉድለት የመገናኘቱ ዕድል ከፍ ይላል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ይሰማል፤ ሆኖም የልቡ ችግር ሊያገኘው ይችላል።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ልጅ ሲሮጥ፣ ሲዋኝ ወይም ሲደነግጥ ራሱን ስቶ ከወደቀ፣ «ጂን ነው»፣ «የሚጥል በሽታ ነው» ብለን ከመደምደማችን በፊት ልቡን እናስመርምር። ዱዓ ማድረግ መልካም ነው፤ ሕክምና መፈለግም ከዱዓ ጋር አይጣላም። በተለይ የሚወድቀው ልጅ መስማት የተሳነው ከሆነ፣ ወይም በቤተሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ካለ ጉዳዩ ለነገ አይባልም። ምርመራው ኢ.ሲ.ጂ. የሚባለው የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ሲሆን አያምም፤ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። አንድ ጊዜ ደህና መስሎ መታየቱ ግን ሁልጊዜ ነገሩን አይዘጋውም፤ ስለዚህ የአወዳደቁን ሁኔታ ለሐኪሙ በዝርዝር መንገር ያስፈልጋል።

በሽታው ከተገኘ ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ሳያቋርጡ መውሰድ ግን ግድ ነው። እኅትና ወንድሞችም ይመርመሩ። ልጁ ብቻውን ውኃ ውስጥ አይግባ። ኤሪትሮማይሲንና ክሎሮኪን ለብዙዎች የሚጠቅሙ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ይህ ችግር ላለበት ልብ ግን ሊያሰጉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ማንኛውንም መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲው ባለሙያ እንንገር።

የኖርዌዮቹ ወላጆች ይህን የሚነግራቸው አላገኙም ነበር። እኛ ግን አውቀናል፤ ያወቅነውንም ለጎረቤት እናድርስ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።