ትን አለኝ፣ ተሰነቀረብኝ፣ ዋጥኩት

ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት ልጆቻችን የሰውነት ክፍሎችን ስም እየተማሩ ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ እጅ ቶሎ ይያዝላቸዋል። ጉሮሮ ላይ ሲደርሱ ግን የእናንተ እገዛ ያስፈልጋል።

ከጉሮሮ በታች ሁለት ቧንቧዎች አሉ። ከፊት ያለው አየር ወደ ሳንባ ይወስዳል። ከኋላው ያለው የምግብ ቧንቧ ነው፤ በአዋቂ ሰው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጡንቻው እየተኮማተረ ጉርሻውን ወደ ጨጓራ ይገፋዋል፤ ለዚህ ነው ተኝተንም መዋጥ የምንችለው። ስንውጥ የአየሩ ቧንቧ ይከደናል። እያወራን ወይም እየሳቅን ስንበላ ግን ምግቡ ወደ አየሩ ቧንቧ ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ቤት ውስጥ እነዚህን አስለማምዷቸው፦ ወደ አየሩ ቧንቧ ሲሄድ "ትን አለኝ"፣ መሃል ላይ ሲቀር "ተሰነቀረብኝ"፣ የማይበላ ነገር ሲገባ "ዋጥኩት"። አማርኛ ብቻ ከምትሰማ አያቱ ጋር የሚውል ልጅ በተለይ ያስፈልገዋል።

ክብ የአሻንጉሊት ወይም የሰዓት ባትሪ የዋጠ ልጅ መጀመሪያ ምንም ላያመው ይችላል። ባትሪው የምግብ ቧንቧው ውስጥ ከቀረ ግን በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። እንዲያስመልሰው አታድርጉ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ሲነግራችሁም አትቆጡት። የፈራ ልጅ ቃሉን ቢያውቅም ዝም ይላል።

መልካም ሰንበት!