የተሸናፊ ወዳጅ

ሰኞ ጧት ቢሮ ሲገቡ የባልደረባዎን ፊት ብቻ አይተው የእሑዱን ውጤት ማወቅ የሚችሉ ከሆነ፣ የዛሬው ጨዋታችን ከእርስዎ ጋር ነው። ያ ባልደረባዎ ፋይሉን እንደ ተቆጣ ሰው ያገላብጣል፤ ሻዩን ሳይጠጣ ያቀዘቅዘዋል፤ «ምነው?» ሲሉት «ራሴን አሞኛል» ይላል። ራሱን ያመመው ግን ትናንት ማታ በ90ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ተማሪ ከሆኑም ይህን ሰው በመኝታ ቤትዎ ያውቁታል፤ ከቡድኑ ሽንፈት በኋላ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናንቦ የሚተኛው ነው።

«ደመወዙ ወር የማይደርስ፣ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው፣ ለእናቱ መላክ ያለበት ሰው፣ አይቷቸው የማያውቃቸው አሥራ አንድ ሰዎች ስለ ተሸነፉ ራት ሳይበላ ማደሩ ምን ይባላል?» የሚሉ ዘመዶች አሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። እኔ ግን ከዚህ በላይ የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰውየው በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ የሚመጣው ለምንድን ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መካነ ሰላምን የመሰለ ቦታ የለም። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የደረሰ መንገደኛ፣ አገሩ ከትልልቆቹ ስታዲየሞች ምን ያህል እንደሚርቅ ወገቡ ይነግረዋል። በስተ ምዕራብ መሬቱ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ በደጋው በኩል የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ዋልያ ግን የለም፤ ብሔራዊ ቡድናችን የተሰየመበት ያ እንስሳ መኖሪያው ስሜን ተራሮች ነው። እንግዲህ የመካነ ሰላም ሰው ዋልያን በእንስሳነቱም ሆነ በቡድንነቱ የሚወደው በሩቁ ነው ማለት ነው።

በሩቁ መውደድ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰሎሞን ተሰማን የመሰሉ የስፖርት ጋዜጠኞች ጨዋታውን በሬዲዮ በሚያስተላልፉበት ዘመን፣ የደጋው ደጋፊ ቡድኑን በጆሮው ነበር የሚያየው። ኳሷ የት እንዳለች የሚያውቀው በድምፁ መፍጠንና መዘግየት ነው፤ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሁለተኛውን አጋማሽ ይጠብቃል። ዛሬ ጆሮው ዐርፎ ዐይኑ ሥራ አግኝቷል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም፣ የወረዳው ጸሐፊም፣ የባጃጅ ነጂውም በአንድ ጠባብ ዲኤስቲቪ ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ይቀመጣሉ። ማዕረግ እዚያ ደጅ ላይ ይቀራል፤ የሚለየው ማልያው ብቻ ነው።

ከማልያዎቹም ቀዩ ይበዛል። የአርሰናል ነገር በአገራችን ለምን እንዲህ እንደ ጠና ለማስረዳት ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ይሁን እንጂ ስለ ትዕግሥት መማር የሚሻ ሰው እነዚህን ደጋፊዎች ይጠይቅ። ቡድኑ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ከ38 ጨዋታ አንዱንም ሳይሸነፍ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በኋላ እስከ 2025 ድረስ ያንን ዋንጫ አላገኘም፤ እንዲያውም በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ተከታትሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2004 ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ስላላየው ዋንጫ ሲምል ይውላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው በዋንጫ ጊዜ ለሚመጣው ደጋፊ ነው፤ እነዚህ ግን ተረጋግተው፣ ቁጭ ብለው የታጠቁ ናቸው።

የሆነ ሆኖ ለለንደን ቡድን መታመን ከባድ ቢመስልም ወጪው ቀላል ነው። እርስዎ ቢቀሩ ስታዲየሙ አይጎድልም፤ ታሪኩንም የሚጽፍለት ሰው ሞልቷል። ወደ አገር ቤት ስንመለስ ነገሩ ይለወጣል።

የዋልያዎቹን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ እንክፈተው። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ሲጀመር ቡድናችን በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ዓ.ም ካይሮ ላይ እንደ ገና በግብፅ 4 ለ 0፣ ቀጥሎም በሱዳን 1 ለ 0 ተረታ። ሁለት ውድድር፣ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ግብ ገባበት፤ እርሱ ግን አንድም አላገባ። በዚያን ጊዜ አንድ አስተዋይ ሰው «ይህ ነገር አይሆንልንም፣ ሌላ ጨዋታ እንፈልግ» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር?

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ላይ ያው ግብፅ መጣ። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር 2 ለ 1 ይመራን ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ አንድ አገቡ። 4 ለ 2! ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ይወራል። የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1960 ዓ.ም ውድድሩ እንደ ገና በአገራችን ሲደረግ ምድቡን በሦስት ድል ጨርሰን፣ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተረትተን አራተኛ ወጣን። በ1968 ዓ.ም በራሳችን ሜዳ ከምድቡ ማለፍ አቃተን። በ1974 ዓ.ም ሊቢያ ሄደን ሦስት ጨዋታ ተጫውተን አንድ ግብ ሳናገባ ተመለስን። ከዚያም ዝምታ ሆነ፤ 31 ዓመት! በ1974 ዓ.ም የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ተምሮ፣ ተቀጥሮ፣ ምናልባትም ወልዶ፣ አገሩን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አላየም።

ይህ ሰው በጥቅምት 2005 ዓ.ም ምን እንደ ተሰማው ያስቡት። ቡድኑ በሱዳን ምድር 5 ለ 3 ተሸንፎ መጥቶ፣ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ፤ በውጭ ሜዳ ባገባው ብልጫ አለፈ። በጥር ወር ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶበት፣ ፍፁም ቅጣት ምትም ስቶ! ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። እነዚያ ሁለቱ በፍጻሜው ተገናኙ። «ያሸነፉን ዋንጫ የተሻሙት ናቸው» ማለት የተሸናፊ ወዳጅ ብቻ የሚያውቀው መጽናኛ ነው፤ አይናቁት።

አሁን ወደ እርስዎ ሙያ ልምጣ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆይ። በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቡድናችን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፈ። ይሁን እንጂ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ የነበረበት ተጫዋች ገብቶ ተጫውቶ ነበርና ውጤቱ ተሰርዞ ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። ያን ቀን ልጆቹ ሜዳ ላይ ያጠፉት ነገር የለም። የጠፋው ሁለት ቁጥር መዝግቦ በጊዜው የሚያስታውስ ሰው ነው። አለቃዎ «ይህ ፋይል ለምን ተስተካክሎ አልተያዘም?» ብለው ሲቆጡዎ ያስታውሱት፤ ለፋይል ሲባል የዓለም ዋንጫ ሊቀር ነበር።

ለጊዜው አልቀረም። ቡድኑ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ረትቶ፣ ምድቡንም መርቶ እስከ መጨረሻው ዙር ደረሰ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣ። በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ ቢያገባም ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻው ሰዓትም በፍፁም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። በመልሱም 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከዓለም ዋንጫ በር እንዲህ ተጠግተን አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ለደጋፊ የባሰ ነው። በ2014 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርን ስታዲየም መስፈርት አያሟላም ብሎ አገደ፤ የአዲስ አበባውም ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። ብሔራዊ ቡድናችን ለተከታታይ ዓመታት «በሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ በማላዊ፣ በሞሮኮና በታንዛኒያ ሲያደርግ ኖረ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፈ። እንዴት ያለ ቀን! ጨዋታው ግን ሊሎንግዌ ላይ ነበር። በ1954ቱ ባላጋራ ላይ የተገኘውን ድል በቦታው ሆኖ ሊጮህለት የሚገባው ሕዝብ ከማያ ገጽ ፊት ቀረ። ያን ቀን የአዲስ አበባ ሰው እንደ መካነ ሰላም ሰው ሆነ። የቡድኑ ሽንፈት ደጋፊን ቢያሳዝንም አያባርረውም፤ ሜዳ ማጣት ግን መገኛውን ይነሣዋል። ታማኝ ነኝ የሚል ሰው በዚህ ሊቆጣ ይገባል፤ ቁጣውም በልጆቹ ላይ ሳይሆን ሜዳውን መሥራትና መጠበቅ በነበረባቸው ላይ መሆን አለበት።

ስለ ቤቲንግ በአጭሩ ልናገር። በውርርድ ወረቀት ላይ የራሱን ቡድን ሽንፈት የሚጽፍ ወጣት አይቻለሁ። ቡድኑ ሲሸነፍ ብር ያገኛል፤ ደስ ይለው ወይስ ይዘን፣ ፊቱ ግራ ይጋባል። በዚያ ወረቀት ላይ የሚቀረው ስም የማንም ሊሆን ይችላል፤ የደጋፊ ግን አይደለም።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ተጫዋች ዕድሜው ሲደርስ ያቆማል፤ አሠልጣኝ ይሰናበታል፤ የፌዴሬሽን ሹም ወንበሩን ይለቃል። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ቡድኑ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም ከወሰደ በኋላ ስንት አሠልጣኝ ሲመጣና ሲሄድ አየ! እርሱ ግን ቡኒና ቢጫውን ለብሶ እዚያው ነው። ሁሉም ሲያልፍ የሚቀረው እርሱ ስለሆነ፣ የሆነውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ተመልሶ የሚመጣው፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ያ የሚያውቀው ነገር ሜዳ ላይ ባለቤት አጥቶ እንዳይቀር ነው።

የዋልያዎቹን ውጤት እንኳ ብዙ ሰው መዝግቦታል። የእርስዎን ከተማ ቡድን ግን ማን መዘገበው? ወልዲያ ፕሪምየር ሊግ ገብቶ ሲወርድ፣ ደሴ ከተማ በታችኛው ሊግ ሲደክም፣ ጨዋታ በጨዋታ የያዘ ሰው ካለ ወርቅ ነው። በመካነ ሰላም ሜዳ ክረምቱ ሲወጣ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት፣ የትምህርት ክፍል ከትምህርት ክፍል ሲገጥም የነበረውስ? ባለፈው ዓመት ማን ስንት እንዳገባ ቢጠይቁ አምስት ሰው አምስት ዓይነት መልስ ይሰጥዎታል፤ አምስቱም ይምላሉ።

ስለዚህ አንድ ደብተር ይግዙ፤ ርካሹ ይበቃል። ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ውጤቱን፣ ያገባውን ልጅና ደቂቃውን ይጻፉ። ቢጫ ካርዱን በተለይ አይርሱ። ዝናብ ከነበረ ዝናብ ነበር ይበሉ፤ ኳሷ ተንፍሳ ጨዋታው ከተቋረጠም ይኸው ይጻፍ። የዳኛውን ስም ያስፍሩ፤ ከሕዝቡ የወረደበትን ስድብ ግን ለሌላ ደብተር ያቆዩት።