ዩክሬናዊው በረኛና የሪያድ የዝና ሚዛን

ሄዮርሂ ቡሽቻን እ.ኤ.አ. በ1994 በኦዴሳ የተወለደ፣ በዳይናሞ ኪዬቭ ለዓመታት የተጫወተ በረኛ ነው። በ2021 ክረምት በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ዩክሬን ስዊድንን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ረትታ ሩብ ፍጻሜ ስትገባ ግቧን የጠበቀው እርሱ ነበር። በ2024 የሪያዱን አል ሸባብ ተቀላቀለ፤ በ2025 ደግሞ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ለዢቶሚሩ ፖሊሲያ ፈረመ። በሪያድ ስሙ እንደ ሌሎቹ የውጭ ተጫዋቾች አልገነነም። ምክንያቱን ከችሎታው ይልቅ ዝና በዚያች ከተማ ከሚከፋፈልበት መንገድ መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያው ምክንያት ክለብ ነው። አል ሸባብ በ1947 የተመሠረተ፣ ከአል ናስርና ከአል ሂላል በዕድሜ የሚቀድም የሪያድ ክለብ ነው። በሰኔ 2023 የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ የአራት ክለቦችን 75 በመቶ ድርሻ ሲይዝ ግን ከሪያድ የተመረጡት አል ሂላልና አል ናስር ብቻ ነበሩ። ክርስቲያኖ ሮናልዶ አስቀድሞ ለአል ናስር ፈርሞ ነበር፤ ኔይማር በዚያው ዓመት አል ሂላልን ተቀላቀለ። የካሜራውና የገንዘቡ ትኩረት ወደ ሁለቱ ሲያዘነብል በአል ሸባብ የሚጫወት ሁሉ ከጥላቸው በታች ይቀራል።

ሁለተኛው የመጫወቻ ቦታ ነው። ባሎን ዶርን ያሸነፉት ሦስት ዩክሬናውያን፣ ብሎኺን በ1975፣ ቤላኖቭ በ1986 እና ሼቭቼንኮ በ2004፣ ሁሉም አጥቂዎች ናቸው። ከበረኞች ሽልማቱን የወሰደው በ1963 የሶቪየቱ ሌቭ ያሺን ብቻ ነው።

ሆኖም ቦታ ብቻውን ሁሉንም አያብራራም፤ የአል ሂላሉ ያሲን ቡኑም በረኛ ነው። ሞሮኮ በ2022 የዓለም ዋንጫ ስፔንን በመለያ ምት ስታሰናብት ሁለት ምቶችን አድኗል፤ ቡድኑም ለግማሽ ፍጻሜ የበቃ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆነ። ቡኑ ሪያድ ሲደርስ የዓረቡ ዓለም ተመልካች ያውቀዋል፣ ቋንቋውንም ይጋራዋል። ቡሽቻን ግን ይህ ሁሉ አልነበረውም።

በሀገሩም ቢሆን ፉክክሩ ቀላል አልነበረም። አንድሪ ሉኒን በሚያዝያ 2024 ሪያል ማድሪድን በማንችስተር ሲቲ ላይ ለድል ያበቁትን ሁለት የመለያ ምቶች መለሰ፤ አናቶሊ ትሩቢን ቤንፊካ ገባ። በ2024 የአውሮፓ ዋንጫም የዩክሬንን ግብ የጠበቁት እነርሱ ሁለቱ ናቸው።

ስለዚህ የተጫዋቾችን ዝና በማነጻጸር ችሎታቸውን መፍረድ አያዋጣም። ዝና የሚናገረው ተጫዋቹ የት ክለብ፣ በየትኛው ቦታና በማን ዓይን ፊት እንደቆመ ነው። የበረኛ ብቃት የሚለካው ባዳናቸው ኳሶች ሲሆን፣ ክለቦችም ሆኑ ጋዜጠኞች ሁለቱን ለይተው ሊመዝኑ ይገባል።