ቤት ሆናችሁ ሳይንስ የምታጠኑ፦ ከመጽሐፉ በፊት ፈተናውን ምረጡ

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአስኮ ወደ ዊንጌት በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ አታጡም። የማታዩት ሌላ ተማሪ ግን አለ። እሱ ቤት ነው። ስልኩ ላይ የፊዚክስ ፒዲኤፍ ከፍቶ ብቻውን የሚታገል ልጅ።

አንዱ ዓምና 12ኛን ተፈትኖ ውጤት ያልመጣለት ነው፣ ዘንድሮ በግል ሊፈተን ያስባል። ሌላዋ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ሲጨምር ቤተሰቧ "ለጊዜው ቤት አጥኚ" ያላት ናት። ሌላው ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ምክንያት ከአማራ ክልል አጎቱ ጋ መጥቶ፣ የትምህርት ማስረጃውን ማስመጣት ያቃተው ነው። ከውጭ አገር የተመለሱና ልጆቻቸውን ሆነ ብለው ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦችም አሉ።

የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ "ሳይንስን በየትኛው ስርዓተ ትምህርት እናጥና? የመንግሥቱን? ካምብሪጁን? ወይስ ዩቲዩብ ላይ ያገኘነውን?"

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ጥያቄው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመውጫው በር መጀመር አለበት። በመጨረሻ የትኛውን ፈተና ነው የምትቀመጡት? እሱን ሳትወስኑ መጽሐፍ መሰብሰብ መድረሻውን ሳይጠይቁ ታክሲ ውስጥ እንደመግባት ነው።

*መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ*

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት እነዚህ ናቸው፦

2014፦ ከ896,520 ተፈታኞች 29,909 (3.3 በመቶ)
2015፦ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 (3.2 በመቶ)
2016፦ ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 (5.4 በመቶ)
2017፦ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 (8.4 በመቶ)

እየተሻሻለ ነው፣ እውነት ነው። ግን በ2017ም ቢሆን ከመቶው ተፈታኝ ከ91 በላይ የሚሆነው አላለፈም። እነዚህ በአብዛኛው መምህርና ክፍል ያላቸው ልጆች ናቸው። ቤት ብቻውን የሚያጠናው ልጅ እዚህ ቁጥር ውስጥ የሚገባው ያንን ሳይዝ ነው። ስለዚህ ለእሱ የተሳሳተ መጽሐፍ መያዝ ማለት አንድ ዓመት ማጣት ማለት ሊሆን ይችላል።

የናቹራል ተማሪዎች ጥሩ ዜና የሚመስል ነገር አላቸው። በ2014 ከ339,642 የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኞች 22,936 (6.8 በመቶ) ሲያልፉ፣ ከ556,878 የማኅበራዊ ሳይንስ ተፈታኞች ያለፉት 6,973 (1.3 በመቶ) ብቻ ነበሩ። "እንግዲያው ናቹራል ይቀላል" እንዳትሉ! ድሮም ውጤታቸው የተሻለ ልጆች በብዛት ወደ ናቹራል ስለሚገቡ ልዩነቱ የትምህርቱ ቅለት ማስረጃ አይሆንም። ቤት ሆኖ የሚመርጥ ልጅ ቁጥሩን አይቶ ሳይሆን የራሱን ሒሳብና እንግሊዝኛ አይቶ ይወስን።

*በር አንድ፦ ብሔራዊ ፈተናው*

ለአብዛኞቻችሁ መውጫው ይሄ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ስድስት ትምህርት ይቀመጣል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲቲዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ እና ባዮሎጂ። እያንዳንዱ ከ100 ነው፣ ድምሩ 600። ማለፊያው 300።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሦስቱ ሳይንሶች በአማካይ 40 ቢያመጡላችሁ 120 ያዛችሁ ማለት ነው። የቀረውን 180 ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከአፕቲቲዩድ ማምጣት አለባችሁ፤ በእያንዳንዱ በአማካይ 60። ይቻላል፣ ግን ሳይንሱ ላይ 10 ነጥብ ብትጨምሩ ጫናው ምን ያህል እንደሚቀል እዩት። ሌላ ነገርም አስተውሉ፦ ሒሳብ ለፊዚክስና ለኬሚስትሪ ስሌት መሣሪያ ነው። ሒሳቡ የደከመ ልጅ ፊዚክስ መጽሐፍ ቢቀያይር ለውጥ አያመጣም።

ይሄን በር የመረጠ ልጅ ስርዓተ ትምህርቱ ተመርጦለታል፤ አዲሱ የትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ከታላቅ ወንድም የወረሳችሁት ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ ተራ የገዛችሁት የድሮው ስርዓተ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ሽፋኑ ላይ "12ኛ ክፍል ፊዚክስ" ስለሚል ብቻ አትመኑት። ምሳሌ፦ ኤሌክትሮኒክስ በድሮው መጽሐፍ 10ኛ ክፍል ላይ ነበር፣ በአዲሱ 12ኛ ላይ ነው። የድሮውን የ12ኛ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የሸመደደ ልጅ ያንን ምዕራፍ ጭራሽ ሳያየው ይቀርባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማንኛውንም መጽሐፍ ወይም የቴሌግራም ፋይል ከማጥናታችሁ በፊት የምዕራፎቹን ዝርዝር ከሚኒስቴሩ አዲስ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ። ካልገጠመ ለማብራሪያ ያገለግላል እንጂ ዋና መጽሐፍ አይሆንም። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለውንም አትዝለሉ። የ12ኛ አሲድና ቤዝ ያለ 11ኛው ኬሚካል ኢኩሊብሪየም አይገባም፤ ግንብ ከጣሪያ አይጀመርም።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀት! በግል ለመፈተን ያሰበ ሰው የምዝገባውን መስፈርት፣ በተለይ የ9ኛ–12ኛ ትራንስክሪፕት ጉዳይን፣ በክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በአካል ሄዶ ያጣራ። "ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ" አይበቃም። ምዝገባው ሲዘጋ የፈለገ ጎበዝ ብትሆኑ አይጠብቃችሁም። ማስረጃው ክልል የቀረበት ልጅ ደግሞ ጉዳዩን ዛሬውኑ ይጀምር። የማታ ወይም የርቀት ትምህርት መመዝገብም አንድ አማራጭ ነው፤ ቀን ቤት እያጠናችሁ ስማችሁ መዝገብ ላይ ይኖራል።

*በር ሁለት፦ ካምብሪጅ*

ይሄኛው ጥራቱ ያስቀናል። አይጂሲኤስኢ ላይ ሳይንስን በሁለት መንገድ መውሰድ ይቻላል፦ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን ለየብቻ፣ ወይም ደግሞ በአንድ ላይ የተጣመረ ሳይንስ። ወደ ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ማዘንበል የሚፈልግ ልጅ ለየብቻ ቢወስድ ይመረጣል። ሌላ ትልቅ ነገርም አለ፦ ላብራቶሪ ለሌለው ተፈታኝ የተግባሩን ፈተና የሚተካ የጽሑፍ ወረቀት አላቸው። ሙከራው ተስሎ ይቀርብላችኋል፣ ንባቡን ትመዘግባላችሁ፣ ግራፍ ትሠራላችሁ፣ ስህተቱን ትለያላችሁ።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ብር። የፈተና ክፍያው ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን ታስታውሳላችሁ። ያኔ በጀት ይዞ የጀመረ ቤተሰብ ዋጋው በእጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው እውቅና። አይጂሲኤስኢ ብቻውን የመጨረሻ ደረጃ አይደለም፤ በአገር ውስጥ ለመማር የአቻ ግምት ያስፈልጋል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት "በስንት ትምህርት፣ በምን ውጤት ነው የምትቀበሉኝ?" ብላችሁ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤትና ከምታስቡት ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

*በር ሦስት፦ የአሜሪካ የቤት ትምህርት መጻሕፍት*

ከውጭ የተመለሱ ቤተሰቦችና አንዳንድ የሃይማኖት ቤተሰቦች ይወዷቸዋል። አቀራረባቸው ለልጅ ብቻውን እንዲነበብ ስለሆነ ይመቻል። አንድ ነገር ግን በግልጽ እንናገር፦ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኢቮሉሽንን አያስተምሩም፣ ወይም ተቃውመው ነው የሚያቀርቡት። በእኛ የ12ኛ ባዮሎጂ ውስጥ ግን ኢቮሉሽን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ቤተሰብ የፈለገውን ማመን መብቱ ነው፤ ልጁ ግን ፈተና ላይ ሲቀመጥ ጥያቄውን አውቆት መሄድ አለበት። ይሄ ክርክር በፈተናው ጠዋት ሳይሆን አሁን ቤት ውስጥ ይለቅ።

*ነፃዎቹስ?*

ካን አካዳሚ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት ሲሙሌሽን፣ የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ፣ የደቡብ አፍሪካው ሲያቩላ፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ አብዛኛው ነገራቸውም ነፃ ነው። ግን ስርዓተ ትምህርታችሁ አይደሉም፣ አስጠኚያችሁ ናቸው። መጽሐፋችሁ ላይ ያልገባችሁን ርዕስ ይዛችሁ ግቡ፣ ሲገባችሁ ውጡ። አለበለዚያ ከቪዲዮ ወደ ቪዲዮ ስትሄዱ ዳታው ያልቃል፣ ምዕራፉ ግን አይንቀሳቀስም።

የቴሌግራም የፈተና ጥያቄ ክምችትም እንዲሁ ነው። የቆየ ጥያቄ መሥራት ጥሩ ልምምድ ነው። መልስ መሸምደድ ግን ቁጥሩ ሲቀየር ባዶ እጅ ያስቀራል። ደንቡ ይሄ ይሁን፦ "ለምን ሐ ሆነ? ለምን ለ አልሆነም?" የሚለውን ለታናሽ እህታችሁ ማስረዳት ካልቻላችሁ ጥያቄውን አልሠራችሁትም።

*ላብራቶሪውስ?*

የብሔራዊ ፈተናው ጥያቄ የምርጫ ስለሆነ ላብራቶሪ ሳይገቡ ማለፍ ይቻላል። እውነቱን እንናገር፣ ብዙ ትምህርት ቤት የተመዘገበ ተማሪም ላብራቶሪ በደንብ አላየም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ግን ይሄ ክፍተት ያስከፍላል። ስለዚህ ማድ ቤቱን ተጠቀሙበት።

ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሉና ውሃውን ያዙ፤ ሎሚ ስትጨምሩበት ወደ ቀይ፣ ቤኪንግ ሶዳ ስትጨምሩበት ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሄዳል። የአሲድና ቤዝ ምዕራፍ ማለት ይሄው ነው። የእናታችሁ ሊጥ እርሾ ገብቶበት ሲኩረፈረፍ የምታዩት አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አንድ ሜትር ክር ጫፍ ላይ ድንጋይ አስራችሁ አወዛውዙ፣ የ20 ምልልስ ጊዜ በስልካችሁ ለኩ፣ ለ20 አካፍሉ፤ 2 ሴኮንድ ገደማ ካገኛችሁ የስበትን ፍጥነት በራሳችሁ ለካችሁ ማለት ነው። ባቄላ አዲስ አበባ ላይ ለመብሰል ለምን ይቆያል? ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፣ መርዛማ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የመኪና ባትሪ አሲድም አትንኩ።

*ሸክሙ የልጁ ብቻ አይደለም*

እስካሁን "እናንተ እንዲህ አድርጉ" ስንል ነበር። ሌላም ወገን አለ። ደቡብ አፍሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የትምህርት ቤቶች ሕግ ወላጅ ልጁን ቤት ለማስተማር የሚመዘገብበትን መንገድ አስቀምጣለች። እኛ ጋ ቤት ያለ ልጅ በተግባር የሚጠቀመው የግል ተፈታኝነትን፣ የማታና የርቀት ትምህርትን ነው። እነሱም ቢሆኑ ወረቀት ያለውን እንጂ ወረቀቱ ግጭት ቦታ የቀረበትን በቀላሉ አያስተናግዱም።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የአስኮ አካባቢ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅዳሜ ላብራቶሪያቸውንና ቤተ መጻሕፍታቸውን ለግል ተፈታኞች ቢከፍቱ ምን ይጎድላል? ከ2016 ጀምሮ ከፊሉ ፈተና በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚለማመድበት ቦታ ቢያገኝስ? ማስረጃው ለጠፋበት ተፈናቃይ ተማሪ ደግሞ በደረጃ መመዘኛ ፈተና ክፍሉ የሚወሰንበት ግልጽ አሠራር ቢኖርስ?

እስከዚያ ድረስ ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ ፈተናውን ምረጡ። ቀጥሎ ወረቀታችሁን አጣሩ። ከዚያ አንድ ዋና መጽሐፍ ያዙ። ከዚያ ቪዲዮ፣ ከዚያ ጥያቄ። ብዙዎች የሚወድቁት ይሄን ገልብጠው ከጥያቄ ክምችት ስለሚጀምሩ ነው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ቤት የሚያጠና ልጅ ካለ ይሄን አሳዩት። አሮጌውን መጽሐፍ ይዞ እየደከመ ከሆነ ዛሬ ማወቁ ከፈተናው ጠዋት ይሻለዋል።