ፋይሉ ክፍት ነው፤ አንባቢው ማን ነው?



ክረምት በገባ ቁጥር በንፋስ ስልክ ላፍቶ ከትንሹ አቃቂና ከገባሮቹ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ደመና ሲከብድ እንቅልፍ ያጣሉ። ከእኛም መካከል ኪራዩ ስለሚቀንስ ወንዝ ዳር ቤት የተከራየን አለን። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ጎርፍ 7 ሰዎችን ቀጥፏል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ሰው ተኝቶ ሳለ ከላይ ደጋው ላይ የጣለ ዝናብ ነው ቁልቁል የደረሰባቸው።

ዛሬ የዝናብ ትንበያ መረጃ ያለ ክፍያና ያለ ድጋፍ ደብዳቤ ከኢንተርኔት ይወርዳል። የአሜሪካው ኖዋም ሆነ የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ አየር ትንበያ ማዕከል ፋይሎቻቸውን በየቀኑ በነፃ ይለቃሉ። የሚጎድለን አውርዶ በትክክል የሚያነብ ሰው ነው።

በትክክል ማንበብ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛ፣ የፋይሎቹ ሰዓት የግሪንዊች ነው። 12 ሰዓት የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የእኛ 12 መስሎት የሚያነብ ሰው ጎርፉን ለምሽት ሲጠብቅ ከሰዓት በኋላ ሊደርስበት ይችላል። ሁለተኛ፣ በአውሮፓው ፋይል ዝናብ የሚለካው በሜትር ነው። 0.02 የሚለውን አይቶ «ዝናብ የለም» ብሎ የሚያልፍ አለ፤ 20 ሚሊሜትር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 20 ሊትር ውኃ ነው። ቁጥሩም ትንበያው ከተጀመረበት ሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመ ስለሆነ የአንዱን ጊዜ ለማወቅ የቀደመውን መቀነስ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ካርታው የተከፋፈለባቸው ሳጥኖች ጎናቸው 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ሳጥን ከመላ አዲስ አበባ ይሰፋል። ስለዚህ ፋይሉ ጀሞን ከሳሪስ አይለይም፤ የትኛው ቦይ በቆሻሻ እንደተደፈነም አያውቅም። ያንን የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው።

ባንግላዴሽን እንመልከት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ማዕበል ባሕሩን ወደ የብስ ገፍቶት ከ300,000 በላይ ሰው አልቋል። ዛሬም ብርቱ ማዕበል ይመጣል፤ የሚሞተው ሰው ግን እጅግ ቀንሷል። ለውጡን ያመጣው ትንበያው ብቻ አይደለም። መጠለያ ተሠርቷል፤ ከ70,000 በላይ በጎ ፈቃደኞችም ማስጠንቀቂያውን በድምፅ ማጉያ ከበር ወደ በር ያደርሳሉ። እኛ ባሕር የለንም፤ ወንዝ ግን አለን፤ ወጣትም አለን።

«ዝናብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ ትንበያ ምን ይሠራል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቃሉ ራሱ ሳያደናግር አይቀርም፤ «ትንበያ» ከ«ነቢይ» ጋር አንድ ሥር አለውና። ፋይሉ ውስጥ ያለው ግን የገይብ ዕውቀት አይደለም። ከተለካ ሙቀት፣ እርጥበትና ነፋስ ተነስቶ የተሠራ ስሌት ነው። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 50 ተጨማሪ ስሌቶችን የሚሠራውም እርግጠኛ መሆን ስለማይቻል ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከባድ ዝናብ ካሳዩ «ሊሆን ይችላልና እንዘጋጅ» እንላለን፤ አላሁ አዕለም።

ስለዚህ ጀመዓችን ለዘንድሮ ክረምት አንድ ትንሽ ቡድን ያቋቁም እንላለን። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ፋይሉን ያውርዱ፤ የሲቪል ምህንድስናና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ያንብቡት፤ ወንዝ ዳር የምንኖረው ደግሞ ውኃው የት እንደሚሞላ እንንገራቸው። ያነበብነውን ሁልጊዜ ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት መግለጫ ጋር እናስተያይ። ማስጠንቀቂያ ማወጅ የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ በቴሌግራም ሽብር መንዛትም ወንጀል ነው። የእኛ ድርሻ የወጣውን ማስጠንቀቂያ ትርጉሙን ገልጾ፣ ስልክ ለሌላቸው እናቶችና አባቶች በአፍ ማድረስ ነው። ዝናቡ ከመጠንከሩ በፊት ልጆችን ከወንዝ ዳር ማራቅ፣ ሰነድና ልብስን ከፍ ማድረግ፣ አቅመ ደካማ ጎረቤትን ወደ ከፍታ ቦታ መውሰድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥቂት ሰዓት ቀድሞ ማወቅን ግን ይጠይቃል።

የተማርነው ትምህርት ከፈተና ወረቀት አልፎ ለጎረቤት ነፍስ ይድረስ። ለመሳተፍ የምትፈልጉ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የትምህርት ክፍል ስማችሁን ስጡ። ወሰላሙ ዐለይኩም።