የክሩ ውል እንዳይጠፋ

መርፌና ክር የሚያስቀምጡበትን ጣሳ በደንብ ከተመለከቱት ስንት ጊዜ ይሆንዎታል? ዛሬ ማታ ልጅዎ ቁልፉ የወለቀ የትምህርት ቤት ሸሚዙን ይዞ ቢመጣና ጣሳውን ቢከፍቱት ምን እንደሚያገኙ እኛም ከራሳችን ቤት እናውቀዋለን። ነጩ ክር ከጥቁሩ፣ ጥቁሩ ከሰማያዊው ተጠላልፎ፣ በመካከሉ መርፌ ተሸሽጎ፣ አንዱን ሲስቡት አምስቱ ተያይዘው ይወጣሉ። መሽቷል፤ ነገ በጠዋት ወደ ሥራ መሄድ አለ። ስለዚህ ያ ጉንጉን በመቀስ ይቆረጥና ይጣላል። የተጣለው በገንዘብ የተገዛ ክር መሆኑ ትዝ የሚለን ሌላ በከራ ለመግዛት ሱቅ ደጃፍ ስንቆም ነው።

ጉዳዩ ለጋዜጣ የሚበቃ አይመስል ይሆናል። ለእኔም አይመስለኝም ነበር። አሳቤን የለወጠው ባለፈው በጋ ለሌላ ሥራ ወደ ደቡብ ጎንደር፣ ላይ ጋይንት፣ በሄድኩ ጊዜ ያየሁት ነው።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኘው ነፋስ መውጫ ስሟ በከንቱ አልወጣላትም። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች በበጋ ደረቁ ነፋስ አይለያትም። እዚያ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና የተማሪዎች የደንብ ልብስ የምትሰፋ አንዲት እናት ነበረች። ነፋሱ የክሩን ጫፍ ከበከራው ላይ ያነሣና ይበትነዋል፤ የተበተነውም ወርዶ በመኪናው መዘውር ላይ ይጠመጠማል። እሷ ደግሞ መኪናውን አቁማ፣ ጎንበስ ብላ፣ የተጠመጠመውን በምላጭ እየቆረጠች ታወጣለች። እንደገና ትጀምራለች፤ እንደገና ያው ነው። ብጠይቃት ጨርቁን የሚያመጣው ደንበኛው ሲሆን ክሩን የምትችለው ግን እሷ መሆኗን ነገረችኝ። በምላጭ ተቆርጦ መሬት የወደቀው ሁሉ ለልጆቿ እንጀራ ከሚሆነው ከእጅ ዋጋዋ ላይ የሚቀነስ ነው።

አጠገቧ አማቷ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። ትውልዳቸው ስማዳ ነው። በዚያው በረንዳ ላይ፣ በዚያው ነፋስ፣ የእሳቸው ፈትል አንድም ጊዜ አልተበተነም። ምሥጢሩን ብጠይቃቸው እንዝርታቸውን አቁመው ሳቁብኝ፤ ክር ውሉ ከተያዘ የትም አይሄድም አሉኝ።

ውል የምንለው የክሩን ጫፍ ነው። ነገሩ የተወሳሰበበትን ሰው «ውሉ የጠፋ ልቃቂት» እያልን የምንመስለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የምትፈትል ሴት ከቆላ የመጣውን ጥጥ ከገበያ ትገዛለች፤ ፍሬውን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን በእንዝርት ታከራለች። የተፈተለውን ስትጠቀልል ሁልጊዜ አጥብቃና በአንድ አቅጣጫ ነው። እጇን ስታሳርፍ ጫፉን አትለቀውም፤ ወይ በእንዝርቱ ራስ ላይ ትሸመቅቀዋለች፣ ወይ በጥቅሉ ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ ታሳልፈዋለች። ማጉ ወደ ሸማኔው ሲሄድ በቀሰም ላይ ተጠቅልሎ በመወርወሪያው ውስጥ የሚገባው እንዲሁ ነው። ቀሰሙ ላይ ላላ ብሎ የተጠቀለለ ማግ ሸማኔውን ቀኑን ሙሉ ሲያናድደው ይውላል።

እኛ ከሱቅ የምንገዛው የስፌት ክር ይህን ጠባይ ለምን አጣ? አንደኛ፣ ዛሬ በገበያ የሚበዛው ፖሊስተር ነው። የጥጥ ክር ሻካራ ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ፖሊስተር ግን ልሙጥ ነው፣ ይንሸራተታል። አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ፖሊስተር የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚይዝ ከጣትም ከጨርቅም ላይ እየተጣበቀ ይነሣል። የነፋስ መውጫዋ ሰፊ ችግር በበጋ የሚብሰው በነፋሱ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን፤ ክሩን ቆርጠን ስናበቃ ጫፉን እንዲሁ እንለቀዋለን።

የስፌት ክር ዱሮ በከራ እንዳልነበረው ስንቶቻችን እናውቃለን? በስኮትላንድ ፔዝሊ በምትባል ከተማ የክላርክ ቤተሰብ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጥጥ ስፌት ክር መሥራት ሲጀምር ገዢው የሚወስደው በእጅ የተጠቀለለ ክር ነበር። በእንጨት በከራ ላይ መጠቅለል የመጣው ቆይቶ ነው፤ ለበከራው ትንሽ መያዣ ይከፈልና ባዶውን ሲመልሱ ገንዘቡ ይመለስ ነበር ይባላል። እንደ ለስላሳ ጠርሙስ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣሳዎ እንመለስ። መጀመሪያ ምንም ሳይገዙና ምንም ሳይቆርጡ በከራውን አገላብጠው ይዩት። በብዙዎቹ የፕላስቲክ በከራዎች ጠርዝ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ጉድለት አይደለም፤ የክሩ ጫፍ የሚሸጎጥበት ነው። አንዳንዱም ታችኛው ክፈፉ በጥፍር ሲነሣ ከፍ ይላል፤ ክሩን ከሥሩ አዙሮ መልሶ መጫን ነው። እኔ ለዓመታት ስሰፋ ይህን ሳላውቅ ኖሬአለሁ፣ ማፈሬን አልደብቅም።

ስንጥቅ የሌለው ከሆነ ከሁሉ የምመርጥልዎ የልጅዎን ያረጀ ካልሲ ነው። አፉ ላይ ያለውን ላስቲክ ያለበትን ክፍል ጣት በሚያህል ስፋት ይቁረጡና ቀለበት ያድርጉት፤ ለትንሽ በከራ ከሰፋ ያጥብቡትና በሁለት ጥልፍ ይስፉት። ክሩን አይቆርጥም፣ ቀለም አይለቅበትም፣ ታጥቦ እንደገና ይሠራል። ያረጀ የሴት ስቶኪንግም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ከለስላሳው የጠርሙሱ ወገብ ላይ የጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ይውሰዱ፤ ርዝመቱ በከራውን ዞሮ ጥቂት የሚደራረብ ይሁን። ጠርዙ እጅና ክር እንዳይቆርጥ በመቀስ ያሳምሩት። ቁራጩን ከበከራው ቀጠን ባለ እንጨት ላይ ጠቅልለው በክር ያሥሩና ለሻይ ከፈላ ውኃ ላይ ጥቂት ያፍስሱበት፤ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይንከሩት። ፕላስቲኩ በሙቀት ስለሚለዝብና ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ስለሚጸና ሲፈቱት ተጠቅልሎ ይቀራል። በከራው ላይ ሲያደርጉት ራሱ ጨብጦ ይይዛል። የፈላ ውኃ ስለሆነ ይህን ልጆች በሌሉበት ይሥሩት።

የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ እኔ አልወደውም። በሙቀትና በብርሃን ይሞታል፣ ይጣበቃል፣ ክሩንም ያበላሻል። ከብስክሌት ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀለበት ጠንካራ ነው፤ ግን ጥቁሩ በነጭ ክር ላይ ስለሚለቅ ለጥቁርና ለቡና ዓይነት ክር ብቻ ያድርጉት። ፕላስተርም ሙጫውን ክሩ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ያም በመርፌው ቀዳዳ ላይ ይከማቻል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ከጤና ጣቢያ የወደቀ የጉሉኮስ ቱቦ ተቆርጦ ለዚህ ሲውል አይቻለሁ። እባክዎ ይህን አይንኩ፤ በማን ደም እንዳለፈ አይታወቅም።

ከመኪናው ሥር የሚገባውን ትንሹን ማጠንጠኛ፣ ቦቢን የሚባለውን፣ ከእናቱ አይለዩት። በበከራው ቀዳዳና በቦቢኑ ቀዳዳ ሲባጎ አሳልፈው አንድ ላይ ይሠሩት፤ የትኛው ሰማያዊ የትኛው ሰማያዊ እንደሆነ በመብራት ሥር ከመጨነቅ ይድናሉ። ሲጠቀልሉትም መኪናውን አያቻኩሉት። ፖሊስተር በፍጥነት ሲጠቀለል ይለጠጣል፤ ከተሰፋ በኋላ ተመልሶ ሲሰበሰብ ስፌቱን ያኮማትረዋል። በደንብ የተተኰሰ ቀሚስ በነጋታው ለምን ተጨማደደ ሲሉ ቦቢኑን ይጠርጥሩ።

በእጅ ሲሰፉ ደግሞ ክሩን ከአንድ ክንድ ተኩል በላይ አያስረዝሙ። መርፌው ውስጥ የሚገባው ቀድሞ ከበከራው የወጣው ጫፍ ይሁን፤ የሚቋጠረው በመቀስ የተቆረጠው ነው። ክር የተከረረበት አቅጣጫ ስላለው በተገላቢጦሽ ሲሄድ ይፈታል፣ ይቋጠራል። ሰም ካለዎት አንድ ጊዜ ያሳልፉበት። ሻማም ይሆናል፣ ግን ነጭ ጨርቅ ላይ ቅባት እንዳይተው በትንሹ።

ከተጠላለፈስ? አይሳቡት። የሚሳብ ቋጠሮ ይጠብቃል። ነጩን በጥቁር ጨርቅ ላይ፣ ጥቁሩን በነጭ ላይ ዘርግተው ከመካከል ወደ ውጭ በጣት እያላሉ ዓይኖቹን ያስፉ፤ ውሉ ራሱ ብቅ ይላል። ያገኙትን ያህል ወዲያው በወረቀት ቁራጭ ላይ እየጠቀለሉ ይሂዱ እንጂ መሬት ላይ አያከማቹት። ያ ጉንጉን ውስጥ የገባ መርፌ ካለ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ። በቤትዎ የሚድኽ ሕፃን ካለ መርፌዎችዎን ቆጥረው ይወቁ፤ ሰፍተው ሲያበቁም መልሰው ይቁጠሩ።

ወደ ነፋስ መውጫዋ ሰፊ ልመልስዎ። ለእሷ ቀለበት አይበቃትም፤ መኪናው እየሠራ ክሩ መፈታት አለበትና። ከቤት ውስጥ የሚሆን ዕቃ ስንፈልግ መጀመሪያ ያገኘነው የሻይ በራድ ነበር። በከራውን በራዱ ውስጥ ጥለን ክሩን በአፉ ብናወጣው በደንብ ሠራ፤ ነፋሱ የሚደርስበት አጣ። አማቷ ግን ሻይ የት ይፈላልናል ብለው ወዲያው ነጠቁን። ስለዚህ ከጎረቤት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ተለመነ። የፕላስቲክ ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳነው፤ በእሳት የተበሳ ፕላስቲክ ጠርዙ ስለሚቀልጥ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፣ ክር አይበጥስም። ቆርቆሮውን ራሱን በሚስማር ብትበሱት ግን ጥርስ ያወጣል። ጣሳው እንዳይገለበጥ ከሥሩ ሁለት ጠጠር ገባ፣ በጠጠሩ ላይ እራፊ ጨርቅ፣ ከዚያ በኋላ በከራው። ክሩ ከቀዳዳው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲወጣ በበረንዳው ወጋግራ ላይ ከተመታ ምስማር ላይ የመርፌ ቁልፍ አንጠልጥለን በዚያ ቀለበት አሳለፍነው፤ ከዚያ ወደ መኪናው። ትልልቁን ሾጣጣ ጥቅል ለሚጠቀሙም ይኸው ነው፤ ጥቅሉ ከታች ቆሞ ክሩ በቀጥታ ከላዩ መነሣት አለበት እንጂ ወደ ጎን ሲጎተት ይንቃል።

እኔ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጬ አየኋት። ሁለት ጊዜ ብቻ ነው መኪናውን ያቆመችው፤ አንዱ ቦቢን ለመለወጥ ነበር፤ ሌላው ሕፃኑ ስላለቀሰ። አማቷ ጣሳውን ብዙም አላደነቁትም። ቆርቆሮው ውስጥ ክሩ ሲዞር የሚያሰማው ድምፅ ፈትል ያስረሳኛል ብለው ወንበራቸውን ወደ በረንዳው ሌላ ጫፍ አዛወሩ።

እርስዎም በቤትዎ የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴ ካለ ለዚህ ዓምድ ይጻፉልን። በተለይ ከእስቴ መካነ ኢየሱስና ከስማዳ ወገዳ የሚጽፉልን እናቶች ቢኖሩ ስለ ቀሰም አጠቃለል ገና የምንጠይቃቸው ብዙ ነገር አለን።